ዶርማችን ውስጥ ቲቢ ተገኘ፤ እኔስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ደጋ ከተማ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነን። አንዱ ልጅ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ሲያስለው ቆይቶ ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ሄደና የሳንባ ቲቢ ነው ተባለ። መድኃኒት ጀምሯል። ሁለቱ ልጆች ኩባያውንና ሳህኑን ለዩበት። የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯንም ከዶርም ይውጣልን ብለው ጠየቁ። እሱ ደግሞ ዊዝድሮው (ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ልሙላ እያለ ነው። እኔን ይዞኝ ይሆን? ልመርመር? ሕፃን ሆኜ ተከትቤያለሁ፣ እሱ አያድነኝም? እናቴ ስደውልላት «ነጭ ሽንኩርት ብላ፣ መስኮት እንዳትከፍት፣ ብርድ ይመታሃል» አለችኝ። ምን ይሻለኛል?

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሜ። ጓደኛህ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ክፍላችሁ ካለፈው ወር ይልቅ ሰላም ነው። አስጊው ጊዜ ያለፈው ነው። ማንም ምንም ሳይጠረጥር፣ መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ፣ ልጁን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው ያደረበት ያ አንድ ወር ተኩል። ያኔ ኩባያ የለየ ሰው አልነበረም። ሰው የሚደነግጠው የበሽታውን ስም ሲሰማ ነው።

ቲቢ በኩባያ አይተላለፍም። በሳህን፣ በማንኪያ፣ በልብስ፣ በእጅ ሰላምታም አይተላለፍም። አንድ ትሪ ከበን ብንበላ፣ ብንጎራረስም አይተላለፍም። ባክቴሪያው ሰውን የሚይዘው ሳንባው ውስጥ ጠልቆ ሲገባ ነው፤ እዚያ የሚያደርሰው ደግሞ አየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስለው፣ ሲያስነጥሰው፣ ሲዘፍን፣ ጮክ ብሎ ሲያወራ በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ይወጣሉ። ውሃው ወዲያው ይተንና ቅንጣቷ ትቀራለች። በጣም ቀላል ስለሆነች ቶሎ መሬት አትወድቅም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ስትንሳፈፍ ትቆያለች። ሰውየው ወደ ክላስ ሄዶ እንኳ እሷ ዶርም ልትጠብቅህ ትችላለች። ኩባያውን የለዩት ልጆች እዚያው አልጋቸው ላይ ተኝተው ያንኑ አየር ነው የሚተነፍሱት።

አሁን ወደ አንተ። «ይዞኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ባክቴሪያው ሰውነትህ ውስጥ ገብቷል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ታመሃል ወይ የሚለው ነው። አገር ቤት ማታ ምድጃ ላይ እሳት ሲዳፈን አይተህ ይሆናል። ላዩ አመድ ነው። አይሞቅም፣ አይጨስም። ፍሙ ግን ውስጥ አለ። ባክቴሪያው የገባበት አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው። ሰውነቱ አዳፍኖ ይይዘዋል። አያስለውም፣ አያተኩሰውም፣ ለሌላ ሰውም አያስተላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ሩብ የሚሆነው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ባክቴሪያው ገብቶበታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ኤችአይቪ በደሙ ላለበት ሰው ግን ስሌቱ ይቀየራል፤ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የምግብ እጥረትም ፍሙን ይገልጡታል።

ስለዚህ አብራችሁ ያደራችሁት አምስታችሁም ትታመማላችሁ ማለት አይደለም። ምናልባት ማናችሁም አትታመሙም። ግን አንድ ነገር ያዝ፦ ባክቴሪያው አዲስ ከገባ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ፍሙ የመነሳት ዕድሉ ከፍተኛ የሚሆንባቸው ናቸው። ምርቃትህ ድረስ ማለት ነው። በእነዚህ ጊዜያት ሳል ከያዘህ፣ ክብደት ከቀነስክ፣ ሌሊት አንሶላ እስኪረጥብ ካላበህ፣ ማታ ማታ ትኩሳት ከተሰማህ ቀጥታ ሐኪም ጋ ሂድ። ስትገባም «ዶርም ሜቴ ቲቢ ነበረበት» ብለህ ጀምር። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር የሐኪሙን ሐሳብ ትቀይረዋለች።

ክትባቱን ጠይቀሃል። ቢሲጂ ማለት ክንድህ ላይ ትንሽ ጠባሳ የሚተወው ነው። ጥሩ ክትባት ነው። ሕፃናትን ከቲቢ ማጅራት ገትርና በመላ ሰውነት ከሚሰራጨው ከባዱ ቲቢ በደንብ ይከላከላል። ለ20 ዓመት ወጣት የሳንባ ቲቢ ግን እምነት የሚጣልበት ጋሻ አይደለም። ተከትቤያለሁ ብለህ ምርመራውን አትዝለል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። አምስታችሁም፣ ሳል ያለበትም የሌለበትም፣ ወደ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ንክኪ እንዳላችሁ ተናገሩ። መጀመሪያ ጥያቄ ትጠየቃላችሁ። ምልክት ያለበት ሰው አክታ ይሰጣል። ራጅ ሊታዘዝም ይችላል። አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ሲታይ ማሽኑ ሥራውን የሚጨርሰው ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ባክቴሪያው መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም አብሮ ይናገራል። በነገራችን ላይ የጓደኛህ ውጤት ላይ ይህ መታየቱን ጠይቁ። መድኃኒቱን የተላመደ ዓይነት ከሆነ የእናንተም ክትትል ይለያል።

አክታ አሰጣጥ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አክታ ስጥ ሲባል ምራቁን ተፍቶ ይሄዳል። የላብራቶሪዋ ባለሙያ ዕቃውን ወደ ብርሃን አንስታ ታየውና መልሳ ትልከዋለች። ውሃ ውሃ የሚል፣ አረፋ ያለው ከሆነ ምራቅ ነው። የሚፈለገው ከደረት የሚወጣው ወፈር ያለው ነው። ጠዋት እንደተነሳህ አፍህን በውሃ ተጉመጥመጥ። ሁለት ሦስት ጊዜ አየር በረጅሙ ሳብና አስወጣ። ከዚያ ከሆድህ ገፍተህ ሳል። ይህን ግን ዶርም ወይም ሽንት ቤት ውስጥ አታድርገው። ውጪ፣ ሰው የሌለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ፈልግ። ዕቃውን ክደነውና እጅህን ታጠብ። በቃ።

ምልክት የሌለበትስ? ለእሱ ሕመሙ ሳይነሳ የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት አለ። ቀድሞ የሚታወቀው አይሶናያዚድ ብቻውን በየቀኑ ለ6 ወር የሚወሰደው ነው። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ በድምሩ ለ12 ሳምንት የሚወሰድም አለ። ለተማሪ ይህኛው ይመቻል። እሑድ ጠዋት ውጠህ እስከ ሚቀጥለው እሑድ ትረሳዋለህ። ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ መጀመሪያ በሽታው እንደሌለብህ መረጋገጥ አለበት። ሕመሙ ያለበት ሰው የመከላከያውን መድኃኒት ብቻ ቢወስድ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ እያሠለጠነው ነው። እንደ ማስቲካ ከጓደኛ ተቀብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

አሁን አንተ ያልጠየቅከኝን ላንሳ። ጓደኛህ ለምን አንድ ወር ተኩል ጠበቀ?

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ግቢ ደግሞ የአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ፍሬሽ ሲገባ ከጋምቤላ፣ ከጎንደር፣ ከሐረር፣ ከሐዋሳ የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ድርብ አልጋ ላይ ይደረደራሉ። አንዳንዱ የተዳፈነውን ፍም ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ምናልባት በልጅነቱ ከአያቱ የወሰደው ነው። ከዚያ የግቢ ኑሮ ይጀምራል። እንቅልፍ ማጣት፣ ቁርስ መዝለል፣ ጭንቀት። ቀን ሌክቸር፣ ማታ ላይብረሪ፣ ሌሊት ዶርም። አንዳንዱ ቅዳሜና እሑድ በሩ የተዘጋ፣ ጭስ የሞላበት ጫት ቤት ውስጥ ይውላል። ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ተጠጋግቶ፣ የሰው ትንፋሽ እየተነፈሰ ነው የሚኖረው።

ሕመሙ ሲጀምርም ምልክቱ ሁሉ ሌላ ስም አለው። ሲከሳ «የካፌ ምግብ ነው» ይባላል። ሲደክመው «ሚድ ደርሶ ነው»። ሲያላበው «ብርድ ልብስ በዝቶብህ ነው»። ሲያስለው ደግሞ ያው የፈረደበት ብርድ አለ። አንድ የ4ኛ ዓመት ተማሪ አስታውሳለሁ። ቀበቶው ላይ በምስማር ሦስት አዲስ ቀዳዳ በስቶ መጣ። መቼ መቼ እንደበሳቸው ስጠይቀው በፈተና ነው የቆጠረልኝ፦ አንዱን ከሚድ በፊት፣ ሁለተኛውን ከሚድ በኋላ፣ ሦስተኛውን ፋይናል ሲደርስ። በመሀል ከፋርማሲ ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ገዝቶ ጨርሷል። የሳንባ ቲቢ ነበር። እስኪታወቅ ድረስ ሙሉ ሴሚስተር አልፏል፣ ዶርሙ ውስጥም ሌሎች ሰባት ልጆች ነበሩ።

ከፋርማሲ የሚገዛው አንቲባዮቲክ ነገር ያናድደኛል። አሞክሳሲሊን ለቲቢ ምንም አያደርግም፤ ጊዜ ብቻ ይበላል። ሲፕሮ ያለበት የመድኃኒት ቤተሰብ ደግሞ ይባስ ብሎ ሕመሙን ለጥቂት ሳምንት ለዘብ ያደርገውና ተሻለኝ ያሰኛል። ከዚያ ይመለሳል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ፋርማሲ ሳይሆን ሐኪም ጋ ነው መሄድ ያለበት።

ሌላው የሚያዘገየው ፍርሃት ነው። በአንድ ወቅት የምሠራበት አካባቢ የነበረ አንድ የግቢ ክሊኒክ የታመመውን ልጅ ስም ለፕሮክተሮች አሳለፈ። በማግስቱ ግቢው ሁሉ አወቀ። ከዚያ በኋላ ለወራት ከዚያ ግቢ አክታ ሊሰጥ የመጣ ተማሪ አላየሁም። ሳሉ ቆሞ አይደለም። ተማሪው ሳሉን ትራስ ውስጥ መቅበር ስለጀመረ ነው። ሁለቱ ዶርም ሜቶቻችሁ ኩባያ ሲለዩ ሌሎቹ ዶርሞች ያያሉ። ነገ ሳል የሚጀምረው ልጅም አብሮ ያያል።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። በዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምታነብ ከሆነ ይህን አንብብ።

ታይዋን ውስጥ፣ ታይፔ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የቲቢ ወረርሽኝ ተነስቶ 27 ሰው ታሞ ነበር። ንክኪ ያላቸው ተብለው ክትትል የተደረገላቸው ከ1,600 በላይ ናቸው። እዚያ የነበሩት ባለሙያዎች የክፍሎቹን አየር ለኩ። የለኩት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነው፤ ሰው የሚያስወጣው ትንፋሽ ምን ያህል ክፍሉ ውስጥ እንደታሰረ ያሳያል። ውጪ ያለው አየር 400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 400 እጅ) አካባቢ ነው። እነዚያ ክፍሎች ውስጥ ከ3,000 በላይ ተገኘ። ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየተቀባበሉ ነበር የሚማሩት። አየሩ እንዲዘዋወር ተደርጎ ቁጥሩ ወደ 600 ሲወርድ ንክኪ በነበራቸው ሰዎች መካከል በሽታው የመከሰት መጠኑ በ97 በመቶ ቀነሰ። ጥናቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው።

እኛ ጋ የአየር ማዘዋወሪያ ማሽን የለም ትለኝ ይሆናል። አያስፈልግም። ፔሩ፣ ሊማ ውስጥ በ8 ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ ሲቀየር፣ ማሽን ለተገጠመላቸው ክፍሎች የተሰላው 12 ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ትልልቅ የሆነ አሮጌ ሕንፃዎች ደግሞ ከአዳዲሶቹ በለጡ።

የእናንተን ዶርም ሳላየው ልገምት። ሎከሩ ወይም አልጋው መስኮቱ ላይ ተደግፏል። መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ወይም ሻርፕ ተለጥፏል። መያዣው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት በካርቶን ተደፍናለች። ተሳሳትኩ? ዛሬ ከሰዓት ተነሱና ሎከሩን አንሱት። ሽቦውን ፍቱት። ካርቶኑን አውጡት። አየር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ካልወጣ ብዙም አይዘዋወርም፤ ስለዚህ መስኮቱንና የበሩን መስኮት አብራችሁ ክፈቱ። ቀን ቀን ወለል አድርጋችሁ፣ ሌሊት ቢያንስ አንድ ስንዝር። አልጋ ምረጡ ከተባለ ጓደኛህ መስኮቱ ጋ ይተኛ።

ብርዱን አውቀዋለሁ። ደብረ ብርሃን የሚማር ልጅ ሌሊት መስኮት ክፈት ሲሉት ይስቃል። አርባ ምንጭ ያለው ደግሞ ትንኙስ ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እዚያ ወባ አለ። ለትንኙ አጎበር፣ ለብርዱ ብርድ ልብስ አለ። ሌባ የሚፈራ መስኮቱን ከላይ በኩል ይክፈት። ሀገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ግን ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ሃምሳ ሰው ተጭኖ አንዱ መስኮት ገርበብ ሲያደርግ ከኋላ «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ አስመታኸን!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እኔ ሐኪም ሆኜ እንኳ ያንን ክርክር አሸንፌ አላውቅም።

ማስክን በተመለከተ፣ ማድረግ ያለበት በዋናነት የሚያስለው ሰው ነው። ቅንጣቶቹ ሳይበተኑ አፉ ላይ ይያዛሉ። እናንተ የምታደርጉት ተራ ማስክ ከአየር ላይ ያለችውን ደቃቅ ቅንጣት አጥብቆ አያጣራም። ማስክ አድርጎ መስኮት መዝጋት ደግሞ አያዋጣም።

ጓደኛህ ዊዝድሮው ይሙላ? ሕመሙ አልጋ ላይ ካልጣለው በቀር ወረቀቱን ለመሙላት አይቸኩል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ያልተላመደ ከሆነና በትክክል ከዋጠ የማስተላለፍ አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል። በተለምዶ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጥንቃቄ አድርግ እንላለን። እነዚያን ቀናት የሚያርፍበት ለብቻ የሆነ ክፍል ግቢው ካለው ይጠይቅ። ከሌለው ማስክ፣ የተከፈተ መስኮት፣ ብዙ ሰዓት ውጪ ፀሐይ ላይ መቀመጥ። ክላስ መቼ እንደሚመለስ የሚያክመው ሐኪም በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ያንን ወረቀት ለዲፓርትመንት ያስገባ። ከዶርም አስወጡት የሚለውን ግን ተዉት። አብራችሁ የተነፈሳችሁት አየር ተነፍሷል። አሁን እሱን ማስወጣት ያንን አይመልሰውም።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። 6 ወር ይወሰዳል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒት ባንድ ላይ፣ በቀጣዮቹ 4 ወራት ሁለት። እንደ ክብደቱ በቀን ሦስት አራት ፍሬ ሊሆን ይችላል። ሽንቱ ብርቱካናማ ሲሆን አይደንግጥ፣ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ካስመለሰው፣ እይታው ከደበዘዘ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ያግኝ። እስኪጨርስ መጠጥ አይቅመስ፤ ጉበቱ ያለው ሥራ ይበቃዋል። ይህን የምታነቡ እህቶችም፣ ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ክኒንን ያዳክማልና ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ።

ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛ ወር ላይ ነው። ሳሉ ይቆማል፣ ኪሎው ይመለሳል፣ ቀበቶው ይጠብበዋል። ያኔ «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ወይ ደግሞ ግቢ ይዘጋና ቤቱ ሲሄድ መድኃኒቱ ያልቅበታል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚፈጠርባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ለዕረፍት ከመሄዱ ከሳምንት በፊት የዝውውር ወረቀት ከክሊኒኩ ያውጣና በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይቀጥል። ጠዋት ጠዋት «ዋጥክ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ቢኖር ደግሞ ከስልክ አላርም ይሻላል። እሱን አንተ ብትሆነው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በሌላ ዶርም አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶበት ቲቢ ነው የተባለ ልጅ ካለ ከእሱ አትሽሹ። የንፍፊት ቲቢ እኛ አገር ብዙ ነው። ሳንባው ደህና እስከሆነ ድረስ በአየር አያስተላልፍም።

እናትህን በተመለከተ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ብላው፣ ወጥ ያጣፍጣል። ቲቢን ግን አይነካውም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ በ1882 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ካሳየ ወዲህ ብርድ ነፃ ወጥቷል፤ ቀኑንም በእኛ መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀን ብለን እናስበዋለን። ይህን ሁሉ በስልክ ልታስረዳት አትሞክር፣ እኔም ለእናቴ ሞክሬ አልተሳካልኝም። «መስኮቱን ሐኪሙ ነው ክፈት ያለኝ» በላትና ወፍራም ጋቢ እንድትልክልህ ጠይቃት።